ቡቃያዬና የአማቴ ደም

ሰኞ

ይህ ደብተር የቡቃያዎቹ ነው። የእኔ ጉዳይ፣ የቤቴ ጉዳይ፣ የተማሪዎቼ ጉዳይ አይጻፍበትም። መቼ እንደዘራሁ፣ መቼ እንደበቀለ፣ በልቼም ምን ያህል እንደታደስኩ ብቻ።

መነሻው የመንጃ ፈቃዴ እድሳት ነው። መኪና መንዳት የማስተምር ሰው ስለሆንኩ በየጊዜው እመረመራለሁ። ሐኪሙ «ግፊትዎ ከፍ ብሏል፤ ይንቀሳቀሱ፣ ቅጠላ ቅጠል ያብዙ» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ስንቀሳቀስ እንደምውል፣ ያውም በመኪና፣ አስረዳሁት። አልሳቀም።

ቤት ገብቼ ስልኬን ስጎረጉር አንድ ደረቱን የነፋ ወጣት አገኘሁ። ጎመን አድጎ ምን ያደርጋል? ገና ሁለት ቅጠል አውጥቶ ጣት ሳያክል ነው ጉልበቱ፤ አንድ ጭብጥ ቡቃያ ማሳ ሙሉ ጎመን ያስንቃል አለ። ባለቤቴ የሂሳብ መምህር ናት። «ማን ለካው? በምን ለካው?» አለች። እንዲህ ካለ ሰው ጋር እየኖሩ ግፊት እንዴት አይጨምር!

የኬክ መጋገሪያዋን ወስጄ ጥጥ አነጠፍኩበትና በረንዳው ላይ አስቀመጥኩት። ይህን ስታይ ሕግ አወጣች። «አንተ የፈለግከውን ጋጥ። እናቴ አፍ ውስጥ ግን አንዲት ቅጠል እንዳትገባ፤ መጀመሪያ ሐኪሟን እጠይቃለሁ።» አማቴ ከልብ ቀዶ ሕክምናቸው ወዲህ እኛ ጋ ናቸው። ልባቸው ውስጥ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ተገጥሞላቸዋል። እዚያ ላይ ደም እንዳይረጋ በየቀኑ የደም ማቅጠኛ ኪኒን ይውጣሉ፣ ደማቸውም በየጊዜው ይለካል።

ደግሞ ለእሳቸው! ከእጄ ውሃ እንኳ ተቀብለው የማያውቁ ሴትዮ።

ረቡዕ

ዘር ገዛሁ። መጀመሪያ ያነሳሁት ሮዝ ቀለም ያለው፣ ዓይን የሚስብ ነበር። ሻጯ «ለየትኛው መሬት ነው?» አለችኝ። ለመሬት ሳይሆን ለሆድ ነው አልኳት። ከእጄ መንጭቃ ወሰደችው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ነቀዝና ሻጋታ እንዳይበላው መርዝ የተቀባ ዘር ነው! ማሳ ላይ ተዘርቶ ነው እንጂ እንዲህ በቡቃያው ይበላል እንዴ?»

ቀለሙ አምሮኝ ነው አልኳት። በሌላ እጄ የያዝኩትን የቲማቲም ዘርም አየችው። የቲማቲም ቡቃያ እንደማይበላ፣ ቅጠሉ ሆድ እንደሚያምስ እየነገረችኝ እሱንም ቀማችኝ። ያልተቀባ የጎመን፣ የሰናፍጭና የአተር ዘር ሰጥታ፣ ስወጣ ለጓደኛዋ «የዛሬው ይባስ» ስትላት ሰማሁ። ማንን እንደሆነ አላውቅም።

እሑድ

በቀለ! በቀለ! በቀለ!

ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ቆሜ የመጀመሪያውን ጭብጥ በላሁ። ትንሽ ያቃጥላል፣ ትንሽ አፈር አፈር ይላል። ያ ነው ጤናው። አማቴ ወንበራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«ምንድን ነው የምትበላው?» አሉ።

ዞር ብዬ አየሁ፤ ከኔ ሌላ ሰው የለም። «ቡቃያ ነው እማማ።»

«እስቲ አምጣ።»

በስንት ዘመኔ! ትንሽ በሳህን አቀረብኩላቸው። አንዲቷን ቅጠል አፋቸው ውስጥ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ግንባራቸው ሁሉ ተጨማደደ። ጣዕም ሲገባ እንዲህ ነው። መቆሜን አይተው «ተቀመጥ እንጂ፣ እንደ ዘበኛ ምን ትገተራለህ?» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ስለ ጎረቤት ድመት አወራን። ስለ ወጣትነታቸው አወራን። አንድ ሳህን ለመጨረስ ፀሐይዋ ከበረንዳው ጥግ እስክትለቅ ፈጀባቸው። ሲያጣጥሙ ነው።

«ነገስ ትመጣለህ?» አሉ።

እመጣለሁ አልኩ። የባለቤቴን ሕግ ረስቼ አይደለም። እሷ ያለችው «ቅጠል» ነው። ይሄ ገና ቅጠል አልሆነም።

ሐሙስ

ጧት። እየቸኮልኩ ነው። የመጋገሪያው ጥግ ላይ ነጭ ጸጉር መሳይ ነገር። ቪዲዮው የሥር ጸጉር ነው ይላል። ሽታው ግን የእርጥብ ካልሲ። ለአማቴ አቀረብኩ። «ዛሬ ጠግቤያለሁ፤ አንተ ብላ፣ እኔ አይሃለሁ» አሉ። ከሚጣል በላሁት።

ማታ። አፈር ልብላ! እንዲህ ያለ ቀን ለጠላቴም አይስጠው።

አንዲት ተማሪ አለችኝ፤ ጤና ተቋም ውስጥ ደም የምትመረምር፣ እኔ ላቦራቶሪዋ የምላት። መሪ ስትይዝ የሰው እጅ የያዘች ይመስል ታባብለዋለች። ወደ ኋላ ማቆም እየተለማመድን ሳለ ሆዴ መጮህ ጀመረ። ከዚያ መቁረጥ። ከዚያ ሌላ ነገር።

«ጋሼ፣ ምነው አላብዎት?»

«ወደፊት ንጂ።»

«ወደ ኋላ ነው ብለውኝ...»

«ወደፊት ንጂ አልኩሽ! ማደያው ውስጥ ግቢ!»

«ነዳጁ እኮ ሙሉ ነው ጋሼ።»

«ለነዳጅ አይደለም! ግቢ!»

ፍሬቻ አሳይታ፣ መስታወት አይታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጠምዝዛ ገባች። እንዲህ አሳምራ ታጥፋ አታውቅም። ላመሰግናት ጊዜ አልነበረኝም፤ በሩን ክፍት ትቼ ሮጥኩ።

ስመለስ ምን እንደበላሁ ጠየቀችኝና ትምህርቱ ተገለበጠ፤ እሷ አስተማሪ፣ እኔ ተማሪ። የሥር ጸጉር ውሃ ሲረጩት ሥሩ ላይ ይተኛል፣ አይሸትም። ሻጋታ ግን እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋል፣ ይሸታል። ሻጋታ ካለው ዳር ዳሩን እየለቀሙ መብላት የለም፣ ሁሉም ይጣላል። ሙቀትና እርጥበት ለቡቃያ ብቻ ሳይሆን ለጀርምም ይመቻል። እጅ ይታጠባል፣ ዕቃው በፈላ ውሃ ይጸዳል፣ ቡቃያው የሚረጨው ሰው በሚጠጣው ንጹሕ ውሃ ነው፣ ከተቆረጠ በኋላ ታጥቦ ፍሪጅ ይገባል እንጂ በረንዳ ላይ አይውልም። ደግሞ ሽማግሌዎች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ በሽተኞች ጥሬውን... የመጨረሻውን በደንብ አልሰማሁም። የጭነት መኪና አለፈ።

ቅዳሜ

መጋገሪያውን ቀቀልኩት። እጄን እስከ ክርኔ ታጠብኩ። ጥጡን ቀየርኩ። የታጨደው ታጥቦ፣ ተንጠፍጥፎ፣ ተከድኖ ፍሪጅ ገባ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «እኔን ልታገባ ስትመጣ እንኳ እንዲህ አልታጠብክም» አለች።

አማቴ ዛሬም በሉ። አንዲት ቅጠል ሁልጊዜ ያስተርፋሉ። ልነሳ ስል «ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም» ይሉና እሷን ይዘው ሌላ ወሬ ያነሳሉ። ቡቃያ ማክበር ከእሳቸው ነው የሚማሩት። እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዘመን ክፉ ሰው ይመስሉኝ ነበር። ቀልደኛ ናቸው! አረማመዴን ሲያሳዩኝ እስካነባ ሳቅኩ።

ሰኞ

ሳህን ሳጥብ የሰማሁት። ባለቤቴ እናቷን ከሐኪም ቤት ይዛ ተመልሳ በስልክ ለእህቷ ታወራለች።

«ደሟ ወፍሮ ተገኘ። ኪኒን ዘላ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እኔው እየቆጠርኩ ነው የምሰጣት አልኩት። ቅጠል አብዝታ እንደሆነ ጠየቀኝ። እናቴ? ጎመን ባለበት አትደርስም አልኩት። ግራ ገባው። መጠኑን ጨመረላት።»

ጎመን። ሰላጣ። ሐኪም ቅጠል ሲል እነዚህን ነው። የእኔ ገና ሕፃን ነው። ሕፃን ምን ያደርጋል?

እራት ላይ አማቴ ጠቀሱኝ። በዚህ ዕድሜ ጥቅሻ! እኔም ጠቀስኳቸው። ባለቤቴ «ዓይንህን ምን ሆንክ?» አለችኝ። አቧራ ነው አልኩ።

ማክሰኞ

ላቦራቶሪዋ ዛሬ ዋና መንገድ ላይ ነበረች። ስትፈራ ታወራለች፣ የምታወራው ስለ ደም ነው።

«ሰው ይደብቃል ጋሼ። የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው የሚበላውን ሲደብቅ ሐኪሙ ዓይኑን ተጨፍኖ ይሠራል። አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ደም እንዲረጋ የሚያግዝ ቪታሚን አለ፤ ኬ ይባላል። መድኃኒቱን ይሽረዋል።»

«ለአንድ ዘመዴ ልጠይቅ ነው» አልኩ። «ቅጠሉ ገና ትንሽዬ ቢሆንስ? ሕፃን ቢሆን?»

«ሕፃን ትልቅ የለውም። የጎመን ዘር ከሆነ ያው ነው።»

እግሬ ሳላዘው ፍሬን ረገጠ። የእኔ ወንበር የራሱ ፍሬን አለው፤ ለተማሪ ስህተት የተሠራ ነው። መኪናው ተንጫጫ፣ ከኋላችን ክላክስ ጮኸ፣ አንዱ ራሱን በመስኮት አውጥቶ ሰደበን።

«ጋሼ! ምን አየን?»

«ውሻ።»

«የታለ?»

«አለፈ።»

ማታ

አስቤ ጨርሻለሁ። ጮኾ መናገር ምን ይጠቅማል? ባለቤቴ ቡቃያዬን ብቻ ሳይሆን እኔንም ከበረንዳው ታወርደኛለች። ከአማቴ ጋር በስንት ጊዜ የመጣ ሰላም ደግሞ በአንድ ቀን ይበላሻል። ገና አሁን እኮ ነው ሰው የሆንኩት። ስለዚህ ዝም ብዬ አቆማለሁ። ቡቃያው ከቆመ ደማቸው ይስተካከላል፤ ደማቸው ከተስተካከለ ጥፋት የለም፤ ጥፋት ከሌለ ጥፋተኛ የለም። የሂሳብ መምህር ባይሆንም ሰው ሂሳብ ያውቃል።

ከእራት በፊት ለአማቴ ዘሩ አልቋል አልኳቸው።

«እና ነገ አትመጣም?»

«ምን ይዤ እመጣለሁ እማማ?»

ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ለቡቃያው እንዲህ ያዝናሉ ብዬ አልጠበቅኩም። እኔን ብሎ ቡቃያ ከልካይ!

እሑድ

ቁርስ ላይ አማቴን ነሰራቸው። ትንሽ ነው አሉ። ፎጣውን ግን አየሁት፤ ትንሽ አይደለም። ክንዳቸው ላይ እንደ በሰለ ፕሪም የበለዘ ነገር አለ። «ጠረጴዛ መትቶኝ ነው» ይላሉ። ባለቤቴ አፍንጫቸው ላይ በረዶ ያዘችላቸው። ደሙ ቆመላቸው። ነገ ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ ሐኪም ጋ ልትወስዳቸው ነው።

እኔ እኮ አቁሜያለሁ! ካቆምኩ ለምን? ካቆምኩ መሻል ነበረበት። ምሳ አልበላሁም። የተረፈውን ቡቃያ ሁሉ ጠራርጌ ጣልኩ። ምን ነካኝ? ምን ነካኝ?

ሰኞ

ሁሉንም በተራ ልጻፍ።

ከላቦራቶሪዋ ጋር ዳገት ላይ መነሳት እየተለማመድን ነበር። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ስለነበር እግሬ በእኔ ፍሬን ላይ አርፏል፤ አላወቅኩትም። እሷ ነዳጅ ትሰጣለች፣ መኪናው አይሄድም። ትጨምራለች፣ አይሄድም። በጣም ጨመረች። እኔ ነቃ ብዬ እግሬን ሰቀልኩ። መኪናው እንደ ፍየል ዘለለ! የቆሻሻ ገንዳ ጥግ ላይ ደርሰን ቆምን፤ ገንዳው ላይ የነበረች ድመት እስካሁን ሳትሮጥ አልቀረችም።

እንዲህ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ነዳጅ የጨመርኩት እርስዎ ፍሬን ይዘው ነው! እግርዎን ሲያነሱ አይነግሩኝም?»

ሐኪሙም እንደዚሁ ነዋ! እኔ በቡቃያ ፍሬን ስይዝ እሱ ኪኒን ጨመረ። እኔ ዝም ብዬ እግሬን አነሳሁ። እሱ አሁንም እየሰጠ ነው።

«እህቴ» አልኳት፣ «ዘመዴ ያልኩሽ አማቴ ናቸው።»

«ቡቃያውን አሁንም ይበላሉ?»

«አስቁሜያቸዋለሁ። ትናንት ነሰራቸው።»

ፊቷ ተለወጠ። «ቤትዎ የት ነው?» አለች፤ መልሴን ሳትጠብቅ ማርሽ አስገባች።

የመንዳት ተማሪ የሚል ትልቅ ሰሌዳ ጣሪያው ላይ እንደተሰካ ሄድን። ቦታ ልንለዋወጥ ይገባን ነበር፤ ሁለታችንም ትዝ አላለንም። ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ገና አልተመለሰችም። አማቴ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ አፍንጫቸው ላይ ጥጥ ይዘዋል፤ እንደገና ጀምሯቸዋል። ደግፌ አስገባኋቸው። ለባለቤቴ ደወልኩ፣ ሐኪም ቤት ነይ አልኩ።

በመንገድ ላይ ሁሉንም ለላቦራቶሪዋ ዘከዘክሁ፤ ስንት ጭብጥ፣ የትኛው ዘር፣ መቼ እንደቆመ። አማቴ ከኋላ ወንበር ላይ ጥጡን አንስተው «አፍህን ያዝ አንተ ሰውዬ!» እያሉ ይጮኻሉ። «እማማ፣ ጥጡን ይመልሱ» ትላለች እሷ። «አንቺ መንገዱን እይ!» ይላሉ እሳቸው። ቀይ መብራት ላይ መስታወት አየች፣ ፍሬቻ አሳየች፣ እንባዬን በክርኔ ስጠርግ እንኳ «ጋሼ፣ ቀበቶዎን» አለችኝ።

ደማቸው ተለካ። ከሚገባው በላይ ቀጥኗል። ሐኪሙ ቁጥሩን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ። መድኃኒት ሰጧቸው፣ ኪኒኑን አስቆሙ፣ እዚያው ይደሩ አሉ። ነስሩ ቆመ። ባለቤቴ የጠመኔ እጇን ሳትታጠብ ደረሰች። እሷ ፊት፣ ሐኪሙ ፊት፣ እንደገና ተናገርኩ። ባለቤቴ አልጮኸችም። ብትጮህ በተሻለኝ።

ማክሰኞ

ሌሊቱን ሳልተኛ ነጋ። ጧት ደማቸው ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው አሉን። ሐኪሙ ባለቤቴንና እኔን አልጋው አጠገብ አቆመን። እኔን ብዙ አልተናገረኝም፤ ግን አነጋገሩ ተማሪዬን የምገስጽበት ዓይነት ነበር።

«የከፋው መብላታቸው ሳይሆን አለመናገራችሁ ነው» አለ። «ሲጀመርም ንገሩኝ፣ ሲቆምም ንገሩኝ። በእሳቸው ዕድሜ ጥሬውን ይተዉት። በጣም ከወደዱት ግን ታጥቦ፣ በስሎ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መጠን ይብሉ፤ እኔ ኪኒኑን በዚያ ልክ አስተካክላለሁ።»

ባለቤቴ ወደ እናቷ ዞረች። ድምጿ ሰለለ። «ይህን ያህል ትወጂዋለሽ እንዴ እማዬ? ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?»

«ማን ነው የሚወደው?» አሉ አማቴ። «ሣር እኮ ነው! ሣር! ያ ሰናፍጩ ደግሞ አፍንጫዬን ሊያወጣው ነበር። ሰውዬውን እዩት፣ ፊቱን ያጠቆረውን። ሣር ነው አልኩህ።»

«ታዲያ ለምን በላሽ?»

ብርድ ልብሳቸውን ወደ ላይ ጎተቱ።

«አንቺ ኪኒኔን ትሰጪኝና ትሄጃለሽ። ጧት ክንዴን ታያለሽ፣ ማታ እግሬን ታያለሽ፣ ትሄጃለሽ። እሱም ደህና አደሩ ብሎ ያልፋል፣ ደህና ዋሉ ብሎ ያልፋል። ሣሩን ይዞ ሲመጣ ግን እስክጨርስ ይቀመጣል። ቀስ እያልኩ ነው የማኝከው።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ባለቤቴ መስኮቱ ጋ ሄደች። ሣር ማለታቸው አንጀቴን አቃጥሎታል፤ አልዋሽም። ግን እሱ አልነበረም ያስለቀሰኝ።

ቅዳሜ

አማቴ ቤት ገቡ። ለራሴ እንደ አዲስ ዘርቼ ከበቀለው አንድ ጭብጥ አጭጄ፣ አጥቤ በላሁ። ለሐኪሜም በስልክ ነገርኩት፤ ቡቃያው ባይጎዳዎትም ስንት ጊዜ በእግርዎ ሄዱ አለኝ። ስልኩ ተቋረጠ። እኔ ነኝ ያቋረጥኩት።

ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ባዶ እጄን ወጣሁና ተቀመጥኩ። አማቴ እጄን አዩ፣ ፊቴን አዩ። ትንሽ ቆይቶ ባለቤቴ ወንበር እየጎተተች መጣች። «ምን ላምጣላችሁ?» አለች።

«ምንም አታምጪ፤ ቁጭ በይ» አሏት እናቷ።

ቁጭ አለች። ሦስታችንም መንገዱን አየን። ከዚያ አማቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ሐኪም ቤት በወሰደቻቸው ልጅ አነዳድ ላይ ያላቸውን ቅሬታ ከመጀመሪያው መታጠፊያ ጀምረው መዘርዘር ያዙ። አስተማሪዋን ጭምር። ፀሐይዋ ገባች፣ ገና ቀይ መብራቱ ጋ ናቸው።